ግንድ ላይ ሽበት መስለው የተለጠፉ ነፍሳትን እንዴት ማግኘት ይቻላል?

ደጋ ያደገ ሰው የዛፍ ሽበትን ያውቀዋል። ከአሮጌ ኮሶና ከአስታ ቅርንጫፍ የሚንጠለጠለው፣ ወይራ ግንድ ላይ ግራጫ ሆኖ የሚለጠፈው፣ ድንጋይ ላይ ብርቱካናማ ክብ የሚሠራው ሁሉ አንድ ወገን ነው። ሳይንሱ ሊከን ይለዋል። ተክል አይደለም። ፈንገስና አልጌ ተጋግዘው የሚኖሩበት ነገር ነው፤ ፈንገሱ መጠለያውን ይሰጣል፣ አልጌው ከፀሐይ ምግብ ይሠራል።

ይህን ሽበት መስለው የሚኖሩ ነፍሳት ብዙ ናቸው። የእሳት እራት አለ፣ ፌንጣ አለ፣ ማንቲስ (የፊት እግሩን እንደሚጸልይ ሰው አጣጥፎ የሚያደባው አዳኝ) አለ፣ ነቀዝ አለ፣ ትልም አለ። ጨዋታው ደግሞ አዲስ አይደለም። ቻይና ውስጥ፣ ውስጣዊ ሞንጎሊያ በሚባለው ግዛት፣ ክንፉ ሊከን የሚመስል ነፍሳት በድንጋይ ላይ ታትሞ ተገኝቷል። የሚመስለው ሊከንም እዚያው ተገኝቷል። ዕድሜያቸው 165 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ በዳይኖሰሮቹ ዘመን ማለት ነው።

ችግሩ አጠገባቸው ቆመን አናያቸውም። ይህን የጻፍኩት እነሱን ፈልጎ ለማግኘትና ፎቶ ለማንሳት ለሚፈልግ ሰው ነው። ውድ ዕቃ አይጠይቅም። ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ሁለት ሰዓት ዞራችሁ ባዶ እጃችሁን ልትመለሱ ትችላላችሁ፤ ከአሁኑ ይታወቅ።

ዋናውን ዘዴ ቀድሜ ልንገራችሁ። ግንዱ ላይ ነፍሳት ስትፈልጉ ዓይናችሁ የሚፈልገው ጭንቅላት፣ ክንፍና እግር ነው። እነሱ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚለፉት እሱን ለመደበቅ ነው። ስለዚህ ሽበቱን አጥኑ። ሽበት ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ካወቃችሁ፣ የማይገጥመው ነገር ራሱ ይጎላል።

1. በመጀመሪያው ቀን ለሽበቱ ብቻ ውጡ

ነፍሳቱን እርሷቸው። አንድ ያረጀ ዛፍ ምረጡና ሽበቱን ብቻ እዩ። ሦስት ዓይነት ታያላችሁ።

አንዱ ከቅርፊቱ ጋር የተጣበቀው ነው። በጥፍር እንኳ አይነሳም፤ ቀለም የፈሰሰ ይመስላል። ብዙ የእሳት እራቶች የሚመስሉት ይህንን ነው። ክንፋቸውን ዘርግተው ሲለጠፉ እነሱም ቀለም ብቻ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ጠርዙ ከቅርፊቱ ትንሽ ቀና የሚልና የሚጠቀለል፣ ቅጠል መሳይ ነው። ይህንን የሚመስሉት እግራቸውና ጎናቸው ላይ ትንንሽ ቅጠል መሳይ ቁራጮች ያበቀሉ ናቸው። አፍሪካ ውስጥ ሲማቶሜራ የሚባሉት ፌንጣዎች የዚህ ዓይነት ናቸው። ጀርባቸው የተቦጫጨቀ፣ ቀለማቸው የተዘባረቀ፣ ዳርቻቸው የቱ ጋ እንደሚያልቅ የማይታወቅ።

ሦስተኛው ተንጠልጣዩ ነው። ኮሶና አስታ ላይ ክር ክር ሆኖ የሚወርደው። በዚህ ረገድ የዓለም ቁንጮ ማን ነው ካላችሁኝ፣ ማርኪያ ሂስትሪክስ የሚባለው የመካከለኛውና የደቡብ አሜሪካ ፌንጣ ነው። ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው። እግሩና ጀርባው ላይ የወጡት እሾሆች ልክ እንደ ሽበቱ ክሮች ናቸው። የሚኖረውም የሚበላውም ያው ሽበት ነው። ፎቶውን አይታችሁ ጭንቅላቱ በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ይወስድባችኋል።

ሦስቱን ዓይነት ለይታችሁ ካያችሁ የመጀመሪያው ቀን ሥራ አለቀ። ወደ ቤት።

2. ዛፉን ምረጡ

ባሕር ዛፍ ላይ አትልፉ። ቅርፊቱን በየጊዜው ስለሚጥል ሽበት ለማደግ ጊዜ አያገኝበትም። አንዳንዱ ሽበት በዓመት አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ የመዳፍ ያህል ለመስፋት ብዙ አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ያረጀና ቅርፊቱን የማይጥል ዛፍ ነው። ወይራ፣ ጥድ፣ ኮሶ፣ ዝግባ።

ለአዲስ አበባ ሰው መናገሻ ሱባ ጥሩ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል፤ ዛሬም ግዙፍ ጥዶች አሉበት። ራቅ ማለት ለሚችል ደግሞ ባሌ አለ። እዚያ ሽበቱ ከቅርንጫፍ እስከ ቅርንጫፍ ይወርዳል። ከሁሉም የሚቀርበው ግን የሰፈራችሁ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሊሆን ይችላል። በሰሜኑ ደጋ ብዙ ቦታ የቀረው የአገር በቀል ዛፍ ያለው በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ነው። ብቻ መጀመሪያ ቀሳውስቱን ወይም ጥበቃውን አስፈቅዱ። ግንድ ላይ ተለጥፎ ግማሽ ሰዓት የሚቆም ሰው ጥያቄ ማስነሳቱ አይቀርም።

መሃል ከተማ፣ መኪና የሚበዛበት መንገድ ዳር፣ ተስፋ አታድርጉ። አብዛኛው ሽበት የተበከለ አየር አይችልም፤ ሽበቱ ከሄደ ደግሞ እሱን መስሎ የሚኖረውም ይጋለጣል። የዚህ ታሪክ የታወቀው እንግሊዝ አገር ነው። በርበሬ የተነሰነሰባት የምትመስል ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት የእሳት እራት አለች፣ ቢስተን ቤቱላሪያ። ሽበት ያለበት ግንድ ላይ ካረፈች አትታይም። የፋብሪካው የከሰል ጭስ ሽበቱን ገድሎ ግንዱን ሲያጠቁረው ነጯ ቁልጭ ብላ ታየች፤ ወፍ ለቀማት። ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነችው ማንቸስተር ላይ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1848 ነበር። በ1895 እዚያው ማንቸስተር ከ100ው 98ቱ ጥቁር ሆነው ነበር። በ1956 የአየር ንጽሕና ሕግ ወጣ፣ ጭሱ ቀነሰ፣ ሽበቱ ተመለሰ፣ ነጯም ተመለሰች።

3. ወቅትና ሰዓት

ክረምቱ እንደወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት፣ ነፍሳት የሚበዙበት ጊዜ ነው። በሰዓት ደረጃ ማለዳ ይሻላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ብርዱ አልለቀቃቸውም፤ ብታገኟቸው አይበሩም። ፀሐዩም ከጎን ስለሚመጣ ጥላ ይታያል።

አንድ የምወደው ዘዴ አለ። ሽበት ሲደርቅ ግራጫ ነው፣ ሲርስ አረንጓዴ ይሆናል። የላይኛው ሽፋን ውኃ ሲጠጣ ብርሃን ያሳልፍና ከሥሩ ያለው አልጌ ይታያል። የእሳት እራት ክንፍ ግን ቢርስም ያው ግራጫ ነው። ስለዚህ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ወይም ጤዛ ሳይደርቅ፣ ደረቁን ሽበት መስላ የተኛች እራት ዙሪያዋ አረንጓዴ ሆኖ እሷ ብቻ ግራጫ ሆና ትቀራለች። ዝናብ ከሌለ ለልብስ መተኮሻ የምንጠቀምበትን የውኃ መርጫ ይዛችሁ ሂዱ። በስሱ ነፋ ነፋ አድርጉና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ማጥለቅለቅ አይደለም፣ ጉም ብቻ።

4. ዕቃ

ባትሪ፣ አጉሊ መነጽር፣ ስልክ፣ ማስታወሻ ደብተር። ስልክ ላይ የሚቆነጠጥ የማክሮ ሌንስ ካገኛችሁ አሪፍ ነው፤ ባይኖርም ይሠራል።

5. ፍለጋው

አንድ ዛፍ ግማሽ ሰዓት ስጡት። አሥር ዛፍ በሩጫ ከማየት ይሻላል። መጀመሪያ ሁለት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ግንዱን በሙሉ እዩ። ከዚያ ቀረብ በሉና ከታች ወደ ላይ ስንዝር በስንዝር ውጡ። ዞራችሁም የጀርባውን እዩ።

አሁን ባትሪውን አብሩ፣ ቀንም ቢሆን። ፊት ለፊት አታብሩበት። ከግንዱ ጎን አስጠጉትና ብርሃኑ ቅርፊቱን እየዳሰሰ እንዲያልፍ አድርጉ። ፊት ለፊት የበራ ብርሃን ሁሉን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፤ የጎን ብርሃን ግን ከፍ ያለውን ሁሉ ጥላ ያስጥለዋል። ነፍሳቱ ይህን ያውቁታል ባይባልም ሰውነታቸው ለዚህ ተዘጋጅቷል። ብዙዎቹ ጠፍጣፋ ናቸው፤ ጎናቸው ላይ ያለው ጸጉር ወይም ዘርፍ ቅርፊቱ ላይ ተኝቶ ጥላቸውን ይሸፍናል። እንዲያም ሆኖ መሃል ላይ ያለውን የሆድ እብጠት ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይችሉም። ሽበት መሃል ለስለስ ያለ ጉብታ ካያችሁ እዚያ ላይ ቆዩ።

ቀጥሎ ግራና ቀኝ። ከሁሉ የበለጠ የሚሠራልኝ ይህ ነው። ሽበት በዘፈቀደ ነው የሚያድገው፤ ግራው ከቀኙ አይገጥምም። የነፍሳት ግራና ቀኝ ግን አንድ ነው። አንድ ጥቁር ነጥብ አያችሁ እንበል። ሌላ ልክ እሱን የሚመስል ነጥብ በተመሳሳይ ርቀት ላይ አለ? በሁለቱ መሃል ቀጥ ያለ መስመር ያልፋል? እንግዲያው ሽበት አይደለም፣ የእሳት እራት ናት። ቅርጿ ብዙ ጊዜ ሦስት ማዕዘን ነው። አንዴ ያቺን መስመር ካገኛችሁ ክንፏ፣ ትከሻዋ፣ አንቴናዋ ሁሉ ተራ በተራ ይወጣል። ከዚያ በኋላ እንዴት ሸወደችኝ ትላላችሁ።

ቀጥ ያለ መስመርን በአጠቃላይ ጠርጥሩ። ፌንጣው ረጅም አንቴናውን ወደፊት ዘርግቶ ከቅርንጫፉ ጋር ያስተኛዋል። ሽበት ክር ይሠራል እንጂ እንደዚያ የተቀሰረና እየቀጠነ የሚሄድ ጸጉር አይሠራም። ክብና የሚያብለጨልጭ ነገርም ጠርጥሩ፤ ዓይን ነው።

የት ቦታ? አብዛኛው ሰው የሚያየው በቁመቱ ልክ ያለውን ግንድ ብቻ ነው። ተመራማሪዎችም በዚህ ተተችተዋል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ በርናርድ ኬትልዌል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የቢስተንን እራት ሲያጠና ቀን በቀን ግንድ ላይ እየለቀቀ ነበር፤ ኋላ ላይ ሌላው ተመራማሪ ማይክል ማጀረስ በተፈጥሮ የሚያርፉበትን ቦታ ሲመዘግብ አብዛኞቹን ያገኛቸው በጎን ቅርንጫፎች ላይ ነው። ስለዚህ ቀና በሉ። የቅርንጫፉን ሆድ እዩ፣ ቅርንጫፍና ግንድ የሚገናኙበትን ብብት እዩ።

የቅርፊቱን ስንጥቅም ተከተሉ። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የተጠኑ እራቶች ግንድ ላይ ካረፉ በኋላ ዝም ብለው አይቀሩም። ትንሽ ይራመዳሉ፣ ይዞራሉ፣ የክንፋቸው መስመር ከቅርፊቱ መስመር ጋር ሲገጥም ይረጋሉ። ስንጥቁ ወደ ላይ ከሄደ እሷም በዚያው አቅጣጫ ናት።

ማንቲስ ካገኛችሁ ደግሞ አትነካኩ። ታራኮደስ የሚባሉት የአፍሪካ ማንቲሶች ቅርፊት ላይ ተለጥፈው ነው የሚኖሩት፤ እናቲቱ እንቁላሏ ላይ ተኝታ ትጠብቃለች። ብትቀርቧትም ንቅንቅ አልል ካለች ከሥሯ እንቁላል ሊኖር ይችላል።

እንግዲህ እናንተ በዚህ ሁሉ ዘዴ ስትፈልጉ ወፉ በአንድ ዓይኑ ይሠራዋል። ድብብቆሹም በዋናነት የተሠራው ለእሱ ነው። ወፍ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ያያል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት በወፍ ዓይን ሲለካ የነጯ ቢስተን ክንፍ ከግንድ ሽበት ጋር ከጥቁሯ የበለጠ እንደሚገጥም አሳይቷል። ሽበት ያለበት ግንድ ላይ ሰው ሠራሽ እራቶች ሲቀመጡም ነጮቹ ከወፍ የመትረፍ ዕድላቸው በ21 በመቶ በልጧል።

6. የሚራመድ ሽበት

ሽበት ሲንቀሳቀስ ካያችሁ ዓይናችሁን አትጠራጠሩ። አንዳንዶቹ መምሰል አልበቃቸው ብሎ ሽበቱን ራሱን ይለብሱታል። በምሥራቅ አሜሪካ ሊዩኮክሪሳ የሚባል ባለ ክንፍ ነፍሳት ትል የግንድ ሽበት እየቆረጠ ጀርባው ላይ ይከምራል፤ ከላይ ሲታይ ትንሽ የሽበት ጉብታ ግንዱ ላይ ሽቅብ ይሄዳል። ሥጋ በል ነው፣ ከሽበቱ ሥር ያለው መንጋጋ ሌሎች ትንንሽ ነፍሳትን ይይዛል። ከእሳት እራት ወገንም ከሐር በተሠራ ከረጢት ውስጥ የሚኖሩና ከረጢቱን በሽበት ብናኝ የሚሸፍኑ ትሎች አሉ። ሩዝ የምታህል ግራጫ ነገር ቅርፊት ላይ ተንጠልጥላ ካያችሁ በአጉሊ መነጽር ጫፏን እዩ። ጥቁር ጭንቅላት ብቅ ይላል።

ከሁሉ የሚገርመኝ የኒው ጊኒ ነቀዝ ነው፣ ጂምኖፎለስ። ደጋ ላይ ይኖራል፤ ጀርባው ላይ አልጌ፣ ፈንገስና ሊከን በቅሎበት ይሄዳል። በዚያ ትንሽ ጫካ ውስጥ ደግሞ መዥገር የሚመስሉ ስምንት እግር ያላቸው ደቃቅ ፍጥረታት ይኖራሉ። ይህን ለማየት ኒው ጊኒ መሄድ ያስፈልጋል፤ እኔም አልሄድኩም።

ለማረጋገጥ ከፈለጋችሁ በጣት አትጫኑ። ፎቶ አንሱ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና አንሱ። ቦታው ከተለወጠ ነፍሳት ነው።

7. ማታ

ግንዱ እምቢ ካላችሁ ራሳቸው እንዲመጡ ማድረግ ይቻላል። ነጭ አንሶላ በሁለት ዛፍ መሃል ወጥሩ፣ ፊቱ ላይ ደማቅ አምፖል አብሩ። ነፋስ የሌለበትና ጨረቃ የጠፋችበት ሌሊት ይመረጣል። እራቶቹ ይመጣሉ። ግን አንሶላው ላይ ያለችው እራት ለእኛ ጉዳይ ብዙም አትጠቅምም፤ ነጭ ላይ ማንም ያያታል። ጠቃሚው ነገር ሲነጋ ነው። ወደ አንሶላው የመጡት ብዙዎቹ በአካባቢው ግንድ ላይ አርፈው ያድራሉ። 12 ሰዓት ላይ ተነሱና በአምስት ሜትር ዙሪያ ያለውን ግንድ ሁሉ ፈትሹ። አንሶላው ላይ የቀሩትን ወፍ ሳይነቃ ቁጥቋጦ ውስጥ አራግፉላቸው።

ብቻችሁን አትሂዱ። ለጥበቃው ቀድማችሁ ንገሩ። ጅብ የሚዞርበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ግቢያችሁ ውስጥ አድርጉት፤ ግቢ ውስጥም ይሠራል።

8. ፎቶ

ከሩቁ ጀምሩ። የመጀመሪያው ፎቶ ነፍሳቱ የማይታይበት መሆን አለበት፤ ግንዱ ከነሽበቱ ብቻ። ሰው አይቶ ‘የታለ?’ የሚልበት ፎቶ ያ ነው። ከዚያ እየቀረባችሁ ሦስት አራት አንሱ። የመጨረሻውን ከጎን አንሱ፣ ከቅርፊቱ ምን ያህል ከፍ እንዳለ እንዲታይ።

ፍላሹን አጥፉት። በምትኩ ባትሪውን ጓደኛችሁ ከጎን ይያዝላችሁ። ስልኩ ሽበቱ ላይ እያተኮረ ካስቸገረ፣ ማያው ላይ ነፍሳቱ ያለበትን ቦታ በጣት ተጭናችሁ ቆዩ፤ ትኩረቱ እዚያው ይቆለፋል። መጠኑ እንዲታወቅ በአንዱ ፎቶ ላይ አጠገቡ ሳንቲም ያዙ።

9. መመዝገብ

የዛፉን ዓይነት፣ ከመሬት ያለውን ከፍታ፣ ሰዓቱን፣ ከሦስቱ የትኛው ሽበት ላይ እንደነበረ ጻፉ። ፎቶውን አይናቹራሊስት የሚባለው የተፈጥሮ ፎቶ መጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ብትጭኑት ስሙን የሚያውቅ ሰው ሊነግራችሁ ይችላል። የደጋ ደናችንን የእሳት እራቶች ፎቶ ያነሳ ሰው ብዙ ስላልሆነ የእናንተ ፎቶ ዋጋ አለው። ሽበቱን ግን ለማስታወሻ ብላችሁ አትፋቁ። በደቂቃ የተፋቀው መልሶ እስኪያድግ ልጆቻችሁም ላያዩት ይችላሉ።

ውጭ አገር ላላችሁ ሥራው ይቀላል፤ መመሪያው ግን ያው ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ በሞቃቱ ወቅት (በሰመር) የኦክ ዛፍ ግንድ ላይ የሚራመደውን የሽበት ጉብታ ፈልጉ። የመንደራችሁ ፓርክ ይበቃል። ለንደን ያላችሁ ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበር ላይ ኦክ ያለበት ፓርክ ሂዱ። ግሪፖሲያ አፕሪሊና የምትባል ነጣ ያለ አረንጓዴ ላይ ጥቁር የተጻፈባት እራት በዚያ ሰሞን ትወጣለች። ማታ ትበራለች፣ ቀን ሽበት ያለበት ግንድ ላይ ትተኛለች። ካፖርት ልበሱ፣ ባትሪውን ከጎን ያዙ፣ ከቅርንጫፎቹ ብብት ጀምሩ።